የስንብት አልበም ቀረጻ በሱሉልታ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም፣ ከመስቀል በኋላ

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ላይ በተከራየነው ባለ ሁለት ክፍል ቤት የባንዱን የመጨረሻ አልበም ለመቅረጽ ዕቃ ማስገባት ጀምረናል። የመጨረሻ የተባለው ለገበያ አይደለም፤ ድራም ተጫዋቹ ጥር ላይ ለሥራ ከአገር ይወጣል፣ ድምፃዊው ደግሞ ቴአትሩንና ልምምዱን አብሮ ማስኬድ ከከበደው ቆይቷል። ሌላ ሰው ተክቶ ከመቀጠል ያሉትን ዘፈኖች በሚገባ ቀርጾ መለያየት ይሻላል በሚለው ሁሉም ተስማምተዋል። የእኔ ድርሻ ቀረጻውና ሚክሲንጉ (የየመሣሪያውን ቅጂ አመጣጥኖ ማዋሐዱ) ሲሆን፣ በቅንብር ላይ ክርክር ሲነሳ መዳኘትም ተጨምሮልኛል።

ሙዚቃው የፓወር ሜታልን (ፈጣንና ዜማ የሚበዛበት የከባድ ሮክ ዓይነት) ፍጥነትና ከፍ ያለ አዝማች ከማሲንቆ፣ ከክራር፣ ከዋሽንትና ከከበሮ ጋር ያጣመረ ነው። ሐሳቡ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። እንግሊዞቹ ስካይክላድ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ቫዮሊንን ከከባድ ጊታር ጋር ሲያጫውቱ ኖረዋል፤ የሃምቡርጎቹ ሄሎዊን ደግሞ ከዚያ ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፓወር ሜታልን መልክ አስይዘውታል። እኛ ግን ለዚህ ሥራ በጥሞና ያዳመጥነው ፋልከነርን ነው። ምዮልቢ በተባለች የስዊድን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1999 በጊታር ተጫዋቹ በስቴፋን ቫይነርሃል የተመሠረተው ይህ ባንድ የስዊድንን ባህላዊ ዜማ ከፓወር ሜታል ጋር ያዋሐደ ሲሆን፣ የመጨረሻ አልበሙን እ.ኤ.አ. በ2020 አውጥቶ ተሰናብቷል። ድምፃዊው ማቲያስ ብላድ የሙዚቃዊ ቴአትር ተዋናይ ነው፤ በዚሁ ሥራው ምክንያት አንድ ጊዜ ከባንዱ ወጥቶ እንደገና ተመልሷል። የእኛም ድምፃዊ የቴአትር ሰው በመሆኑ ነገሩ ለባንዱ ቅርብ ሆኖ መታየቱ አይገርምም።

ከዚያ የስንብት አልበም የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። ብላድ አይጮኽም፤ በመካከለኛ የድምፅ ከፍታ፣ እያንዳንዱን ቃል እየጨረሰ ይዘፍናል። በፈጣኑ ድራምና በከባዱ ጊታር ውስጥ ድምፁ የሚሰማው የድምፅ መቆጣጠሪያው ከፍ ስለተደረገለት ብቻ ሳይሆን፣ እሱ ሲዘፍን ጊታሮቹ ቀለል ያለ ነገር ስለሚጫወቱ ነው። ቦታ የሚሰጠው ቅንብሩ ነው ማለት ነው። በእኛ አልበም ደግሞ ቦታ የሚፈልገው ድምፅ ብቻ አይደለም፣ ማሲንቆም አለ። ስለዚህ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት አንድ ደንብ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፦ በሚክሲንግ የሚፈታ ችግር ብለን ለነገ የምናሳድረው ቅንብር አይኖርም።

ጥቅምት መጀመሪያ፣ ክፍሉ

ትልቁ ክፍል የጭቃ ግድግዳ፣ የአቡጀዲ ኮርኒስና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ነው። ትንሹ በኋላ የተቀጠለ የብሎኬት ክፍል ነው። ባንዱ ብሎኬቱን የመረጠው ወለሉ ሊሾ ስለሆነና ንጹሕ ስለሚመስል ነበር፤ በእጄ ሳጨበጭብ ግን ድምፁ በትይዩዎቹ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ይንጫጫል። የጭቃው ግድግዳ ወጣ ገባ በመሆኑ ድምፁን ይበትነዋል፣ የተወጠረው አቡጀዲም ከላዩ ካለው ባዶ ቦታ ጋር ተደምሮ የጸናጽሉን ስለታም ድምፅ ያለዝበዋል። ድራሙን ጭቃ ቤት፣ ኮምፒዩተሩን ብሎኬት ቤት አደረግን።

አቡጀዲ ግን ወፍራም ድምፅ አይዝም። የቤዝ ድምፅ በክፍሉ ማዕዘኖች እየተከማቸ፣ አንዳንዱ ኖታ ሲያጓራ ሌላው ይጠፋ ነበር። ለዚህ የሚሸጠውን ስፖንጅ ገዝቶ ማዕዘን ላይ መለጠፍ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ስስ ስፖንጅ ከፍተኛውን ድምፅ ብቻ ወስዶ ወፍራሙን እንዳለ ይተወዋል። ወፍራሙን የሚይዘው ውፍረት ያለው፣ አየር በጭንቅ የሚያልፍበት ነገር ነው። ሱሉልታ ደግሞ የድርቆሽ አገር ነው። የታሰረ ድርቆሽ ገዝተን በየማዕዘኑ እስከ ጣሪያው ድረስ ከመርነው፣ አቧራው እንዳይበን በአሮጌ አንሶላ ሸፈንነው። ልዩነቱ ወዲያው ተሰማ፤ የቤዝ ተጫዋቹ ከታችኛው ክር ወደ ላይ አንድ በአንድ ሲወጣ ኖታዎቹ በተቀራራቢ ኃይል ይወጡ ጀመር። በክፍሉ ውስጥ ሲጋራ የሚባል ነገር እንዳይለኮስ በጥብቅ ነግሬአለሁ።

የቀረው ችግር ቆርቆሮው ነው። ዝናቡ ገና ጨርሶ አልወጣም፤ ካፊያ እንኳ ሲጥል ማይክሮፎኑ ከድራሙ በላይ ጣሪያውን ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ደመና ስለሚያዝል ቀረጻው ጠዋት ጠዋት እንዲሆን ተወስኗል።

ጥቅምት አጋማሽ፣ ድራምና ከበሮ

በፈጣን ፓወር ሜታል የተለመደው በአራት የሚቆጠር ምት ሲሆን፣ በደቂቃ 180 ምት ላይ ደብል ፔዳሉ (ትልቁን ድራም በሁለት እግር የሚያስመታው) እያንዳንዱን ምት በአራት ሲከፍለው እግሮቹ በደቂቃ 720 ጊዜ ይመታሉ ማለት ነው። የእኛ ችክችካ ግን በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ፣ እያንዳንዱ ዋና ምት በሦስት የሚከፈል ነው። በደቂቃ 130 ዋና ምት ላይ ሦስቱንም ንዑስ ምቶች እግር ቢይዛቸው 390 ብቻ ይሆናል። ድራም ተጫዋቹ ይህ ስላነሰበት በእጥፍ ልጫወተው አለ፤ ተጫወተውም፣ ችሎታው አያጠያይቅም። ሆኖም መልሰን ስናዳምጠው ችክችካው ጠፍቷል። በችክችካ ውስጥ ሰውን ትከሻውን የሚያስነቀንቀው በምቶቹ መካከል ያለው የክብደት ልዩነት ነው፤ ሁሉንም በእኩል ኃይል የሚሞላ እግር ያንን ልዩነት ደፍኖ ሜዳ ያደርገዋል።

መጨረሻ ላይ የተስማማነው እንዲህ ነው። ከበሮው በሚጫወትባቸው ቦታዎች ደብል ፔዳሉ ጨርሶ ይወጣል፣ ወፍራሙን ምት ከበሮው በሰፊው ፊቱ ይይዛል። አዝማቹ ሲገባ ከበሮው ያርፋል፣ ፔዳሉ በ390ው ይገባል። እጥፉ የተፈቀደው በሁለት ዘፈኖች መዝጊያ ላይ ብቻ ነው። ከበሮውን ሁለት ማይክሮፎን ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱ ለሰፊው ሌላው ለጠባቡ ፊት፤ ሁለቱ ፊቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚገፉ የአንዱን ፖላሪቲ (የድምፅ ሞገዱን አቅጣጫ) ካልገለበጡት ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ጊታሮች

የዚህ አልበም ዋናው ራስ ምታት ቅኝት ነው። የሜታል ጊታር የሚቆመው በፓወር ኮርድ ላይ ነው፤ ይህም መነሻውን ኖታና አምስተኛውን ብቻ የያዘ፣ ሦስተኛ የሌለው ጥምረት ነው። ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክረው መሣሪያ) ብዙ ኖታ ሲሰጡት ጭቃ ስለሚያደርገው ይህ ጥምረት የግድ ነው ማለት ይቻላል። በትዝታ ሜጀር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ነገሩ ቀላል ነው፤ ከሚ በቀር በሁሉም ኖታዎች ላይ አምስተኛው እዚያው ቅኝቱ ውስጥ ይገኛል። በአምባሰል (ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ) ደግሞ በሦስቱ ላይ ይቻላል፤ ዝቅ ያለው ሬ ከዶ አጠገብ መሆኑ ለሜታል ጆሮ እንግዳ ስላልሆነ ይህ ዘፈን ሳንደክም በራሱ ከብዶ መጥቷል።

አንቺሆዬ ላይ ግን መንገዱ ይዘጋል። ቅኝቱ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል እና ላ ነው። በመነሻው በዶ ላይ ፓወር ኮርድ ለመሥራት ንጹሕ ሶል ያስፈልጋል፤ እሱ ቅኝቱ ውስጥ የለም፣ ከዝቅ ያለው ሶል ጋርም በግማሽ ድምፅ ይጋጫል። ጊታር ተጫዋቹ በልማድ ዶ-ሶል እየመታ ዋሽንቱ ዝቅ ያለውን ሶል ሲነፋ የሚሰማው ነገር ማንንም አያስደስትም። ንጹሕ ፓወር ኮርድ የሚገኘው በፋና በዝቅ ያለው ሶል ላይ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚያርፍበት ቤት ደግሞ ሁለቱም አይደሉም።

አንደኛው ሙከራ ከዶ በላይ ፋን ማስቀመጥ ነበር። ሁለቱም የቅኝቱ ኖታዎች ስለሆኑ አይጋጩም፤ ነገር ግን ጆሮ ይህንን ጥምረት የተገለበጠ የፋ ኮርድ አድርጎ ስለሚሰማው ዘፈኑ በየማረፊያው ወደ ሌላ ቤት የገባ ይመስላል። ስለዚህ በማረፊያዎቹ ላይ ጊታሮቹ ዶን በኦክታቭ ብቻ (ያንኑ ዶ ከታችና ከላይ) እንዲመቱ አደረግን። ኮርዱ ሲሳሳ ድምፁም ይሳሳል ብዬ ሠግቼ ነበር፤ ቤዙ ከታች አንድ ኦክታቭ ሲጨምርበት ግን ከፓወር ኮርዱ ይልቅ ጠጣርና ግልጽ ሆኖ ተገኘ። ፋ-ዶ ጥምረቱን ዜማው በሚጓዝባቸው ቦታዎች ትተነዋል።

ሌላው የፓወር ሜታል መለያ ሁለት ጊታሮች በሦስተኛ ርቀት ጎን ለጎን የሚሄዱበት ዜማ ነው። እንደ ምዕራባውያኑ በሰባት ኖታ እየቆጠርን ሦስተኛ ብንጨምር በትዝታ ላይ ወዲያው ፋና ሲ ይገባሉ፣ ትዝታውም ይቀራል። በቅኝቱ ውስጥ ብቻ አንድ ኖታ እየዘለልን ስናጣምር ግን ዶ ከሚ፣ ሬ ከሶል፣ ሚ ከላ፣ ሶል ከዶ፣ ላ ከሬ ይገናኛሉ። አንዱ ሦስተኛ፣ የቀሩት አራቱ አራተኛ ናቸው። ውጤቱ ከአውሮፓውያኑ የጣፈጠ ጥምረት ደረቅ ያለ፣ ለክራር ጆሮ የቀረበ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከአልበሙ ሁሉ የምወደው ድምፅ ይህ ነው።

መብራትን በተመለከተ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ልመዝግብ። የአካባቢው መስመር በ50 ኸርዝ የሚያንጎራጉር ድምፅ በጊታሩ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጠው) በኩል ያስገባል፤ ዲስቶርሽን ሲጨመርበትም 100ና 150 ኸርዝ ላይ ያሉት ተከታዮቹ አብረው ያብጣሉ። ግራውንዱን አስተካክለንም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። መብራት በጠፋባቸው ሰዓታት ግን በላፕቶፑ ባትሪ ብቻ፣ ጊታሩን ከላፕቶፑ ጋር በሚያገናኘውና ከላፕቶፑ ኃይል በሚወስደው ኢንተርፌስ፣ ጊታሩን ያለ አምፕሊፋየር በቀጥታ ስንቀርጽ ያ ድምፅ ፈጽሞ የለም። አሁን ጊታር ተጫዋቾቹ መብራት ሲሄድ ከማጉረምረም ይልቅ ክር ማስተካከል ጀምረዋል።

ኅዳር 12

ዛሬ ሥራ የለም። የሚካኤል ክብረ በዓል በመሆኑ ማኅሌቱ ከሌሊት ጀምሮ በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ኅዳር ሲታጠን ደግሞ የየሰፈሩ ጭስ ክፍሉን ሞልቶታል። ድምፃዊው ጉሮሮውን እንዲያሳርፍ አዲስ አበባ እንዲቆይ ነገርኩት፣ ሆኖም የአዲስ አበባውም ጭስ ከዚህ የሚሻል አይመስለኝም።

ኅዳር፣ ማሲንቆ

ማሲንቆውን የሚጫወቱልን የባንዱ አባል ሳይሆኑ በሙያው ያደጉ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መሣሪያው ሲታይ ቀላል ነው፤ በቆዳ የተለበጠ ባለ አራት ማዕዘን ሣጥን፣ አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ ቀስት መሳይ መምቻ። ለማይክሮፎን ግን ከድራሙ ሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነበር። ወደ ቆዳው አስጠግቼ ሳስቀምጠው የመምቻው ጭራ ክሩ ላይ የሚያደርገው ፍትጊያ ዜማውን ይውጠዋል፤ ሳርቀው ደግሞ የክፍሉ ድምፅ ይገባና በጊታሮቹ መካከል ይሰጥማል። በመጨረሻ ከመሣሪያው አንገት በላይ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ወደ ቆዳው ጠርዝ እንዲያይ ሳደርገው ፍትጊያው በልኩ ሆነ። ፍትጊያው ጨርሶ እንዲጠፋ አልፈለግሁም፤ እሱ ከሌለ ማሲንቆው ቫዮሊን ይመስላል።

የሱሉልታ ብርድ ሌላ ጣጣ አለው። ጠዋት የተቃኘው ክር ፀሐይ ወጥታ ክፍሉ ሲሞቅ ቅኝቱን ይለቃል። ጋሼ ሙጫውን መምቻው ላይ እየፈተጉ፣ በአውራ ጣታቸው ክሩን ቆንጠር አድርገው ያዳምጡና ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊት እንደገና ያስተካክላሉ። የስልክ መቃኛ ብናቀርብላቸው "እሱ ይቃኝና እኔ ልሂድ?" ብለው አሳቁን። እውነትም አላስፈለጋቸውም፤ ማሲንቆ እንደ ጊታር የተከፋፈለ አንገት ስለሌለው ጣታቸው ወደ ጊታሩ ቅኝት ራሱ ይሄዳል። ዋሽንቱ ይህ ዕድል የለውም፤ ቀዳዳዎቹ የተወሰኑ ስለሆኑ ዋሽንት ተጫዋቹ ለየዘፈኑ የተለያየ ርዝመት ያለው ዋሽንት ይዞ ይመጣል፣ አንዱን ዘፈን ደግሞ ለዋሽንቱ ስንል በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገን ጊታሮቹን እንደገና ቀርጸናል።

ትልቁ ጥያቄ ጊዜ አጠባበቅ ነበር። ባንዱ የቀረጸው በክሊክ፣ ማለትም ፍጥነቱን በጆሮ ማዳመጫ በሚቆጥር የማሽን ምት ነው። ጋሼ ክሊኩ በጆሯቸው ሲገባ እጃቸው ይታሰራል፤ ዜማው ትክክል ቢሆንም አንዳች ወዝ የለውም። ክሊኩን አጥፍቼ የድምፃዊውን ጊዜያዊ ቅጂ ብቻ በአንድ ጆሯቸው ሰጠኋቸው፣ ሌላውን ጆሯቸውን ክፍት ተዉት። ያን ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። አዝማሪ የሚከተለው ሰዓት ሳይሆን የሰው ድምፅ ነው፤ ድምፃዊው ስንኙን ሲጨርስ ማሲንቆው ይመልሳል፣ ሲጀምር ዝቅ ይልለታል። አንዳንዱ ኖታቸው ከክሊኩ ትንሽ ዘግይቶ ይገባል። ጊታር ተጫዋቹ በኮምፒዩተር ወደ መስመር እንዳስገባው ጠይቆኝ ነበር፣ አላደረግሁትም።

በዚሁ ምክንያት ባንዱ ከዓመታት በፊት ያቀናበራቸው ሁለት ዘፈኖች መፍረስ ነበረባቸው። በእነሱ ላይ ማሲንቆው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከጊታሩ ሪፍ (ተደጋጋሚ የዜማ ሐረግ) ጋር እኩል እንዲሄድ ተጽፎ ነበር፤ ይህ በመድረክ ላይ ለዓይን ያምራል፣ ለጆሮ ግን ማሲንቆው የለም ማለት ነው፤ ዲስቶርሽን ያለበት ጊታር የመካከለኛውን ድምፅ ክልል ሙሉ በሙሉ ይሞላዋልና። አሁን ማሲንቆው የሚጫወተው ጊታሮቹ ሲዘጉ ወይም አንድ ኖታ ይዘው ሲቆዩ ነው። የጨዋታው ጊዜ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ የሚሰማው ግን ከድሮው እጅግ ይበልጣል።

ታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ድምፅና አዝማች

ድምፃዊው በፍጥነት ጨረሰ፤ ቴአትር የለመደ ሰው ከማይክሮፎን ፊት አይደነግጥም። ያስቸገረው በከፍታ ላይ የሚያዙት ረጃጅም ኖታዎች ናቸው። በሳድስ የሚጨርስ ቃል አናቱ ላይ ሲደርስ አፍን ስለሚዘጋ ድምፁ ይታነቃል፤ በራብዕና በሳብዕ የሚጨርስ ግን ይከፍተዋል። ስለዚህ ግጥሙን የጻፈው ቤዝ ተጫዋች የሦስት አዝማቾችን ቤት መምቻ ለወጠ። ትርጉም ጎድቷል ብሎ ቅር ያለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ኖታውን አሳጠርንና ቃሉን ተውንለት።

ለአዝማቹ መዘምራን መሳይ ድምፅ ሲፈለግ የተለመደው በሦስተኛ እየደራረቡ መቅረጽ ነው። ጊታሮቹ ላይ ያየነው ችግር እዚህም ስላለ፣ በዚያ ፈንታ የባንዱን አባላትና ጎረቤት ያሉ ወጣቶችን ጭቃ ቤት ውስጥ አቁመን ሁሉም አንድ ዜማ እንዲቀበሉ አደረግን፤ ሴቶቹ በላይኛው፣ ወንዶቹ በታችኛው ኦክታቭ። እንደ ተቀባይ ነው የቆሙት፣ ማይክሮፎኑም አንድ ብቻ፣ መካከል ላይ። ከእነዚህ መካከል ሜታል ሰምቶ የማያውቅ ይበዛል፤ ጭብጨባቸው ግን ከድራሙ ጋር ያለ ክሊክ ገጠመ።

ታኅሣሥ አጋማሽ፣ ሚክሲንግ

ቅንብሩ ቀድሞ ስለተሠራ ሚክሲንጉ እምብዛም የሚጻፍበት ነገር የለውም። ሁለቱ ጊታሮች ጥግና ጥግ፣ ድምፁና ማሲንቆው መካከል፤ ሁለቱ ስለማይደራረቡ እርስ በርስ አይገፋፉም። ከድምፁ ላይ ኮምፕሬሰሩን (ጎልቶ የወጣውን ዝቅ አድርጎ ድምፁን የሚያመጣጥነውን) በቀላሉ ብቻ አድርጌዋለሁ። የከበሮውን ከ60 ኸርዝ በታች ቆርጬ ያንን ቦታ ለቤዙ ትቻለሁ።

ክርክር የተነሳው በድምፅ ጉልበት ላይ ነው። ጊታር ተጫዋቹ አልበሙ ከሌሎች ሜታል አልበሞች ጋር እኩል እንዲጮህ ይፈልጋል። ስፖቲፋይ የሚጫወተውን ሁሉ በመደበኛው አሠራር ወደ −14 ሉፍስ (የድምፅ ጉልበት መለኪያ፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይበልጥ ይጮኻል) ስለሚያስጠጋ፣ ከዚያ በላይ የተጨመቀ ሥራ ዝቅ ተደርጎ ይቀርባል፤ የተጨመቀበት ጉዳት ግን አብሮት ይቀራል። የዋሽንቱ መግቢያና ድራሙ በሚገባበት ቅጽበት መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የዘፈኖቹ ግማሽ ሕይወት ነው። ተከራክረን −11 አካባቢ ላይ ተስማማን። ከዚያ ወደ ፒያሳ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሹፌሩን ለምነን አጫወትነው፤ ማሲንቆው በበሩ ስፒከር እንኳ ቁልጭ ብሎ ይሰማል፣ ቤዙ ግን እንደ ፈራሁት ጠፋ። ተመልሼ ለቤዙ ትንሽ ዲስቶርሽን ጨመርኩለት፤ ትንንሽ ስፒከሮች የማያወጡትን ወፍራም ድምፅ ጆሮ ከላይኛዎቹ ተከታይ ድምፆች ስለሚገምተው አሁን ይሰማል።

ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ቅደም ተከተል

መዝጊያው ትዝታ ይሁን የሚለው ሐሳብ ከአብዛኛው ሰው መጣ። ስንብት በትዝታ መዝጋት ማንም የሚጠብቀው ስለሆነ እኔ ተቃወምኩ፤ ድምፃዊውም ከእኔ ጋር ቆመ። በቤዝ ተጫዋቹ ሐሳብ መሠረት ትዝታው ሦስተኛ ሆነ፣ አንቺሆዬው ወደ መጨረሻ ሄደ። ማረፊያው ላይ ኮርድ የሌለው፣ ዶ ብቻ በየኦክታቩ የሚመታው ያ ዘፈን አልበሙን ሳያለሰልስ ይዘጋዋል። ድምፁ እየደከመ እንዲጠፋ አላደረግሁም፤ ሁሉም በአንድ ምት ይቆማሉ።

ማስተሪንጉ (የአልበሙ የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ) ከተጠናቀቀ በኋላ የእያንዳንዱን መሣሪያ ትራክ ለየብቻ፣ በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ ሁሉም ከዜሮ ሰኮንድ ጀምረው እኩል ርዝመት እንዲኖራቸው አድርጌ በየአባሉ ሃርድ ዲስክ ገልብጫለሁ። የጋሼ ማሲንቆ ያለ ምንም ማጣሪያ፣ እንደተቀረጸ ነው የተቀመጠው። የየዘፈኑ ፍጥነትና ቅኝት በፋይሉ ስም ላይ ተጽፏል፤ ድራም ተጫዋቹ በሄደበት አገር ሆኖ አንዱን ዘፈን እንደገና መሥራት ቢፈልግ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም።